ሠላሳ ላይ የታሰረው ሞተር

ፈቀደ ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማ አውቶቡስ ጋራዥ ሠርቷል። በዚህ ሁሉ ጊዜ እሱ ፈትሾ ያስወጣው አውቶቡስ አንድም ቀን ሞተሩ ሞቆ መንገድ ላይ አልቆመም። ጡረታ ሲወጣ የተሰጠው የምስክር ወረቀት ይህን አይናገርም። "በታማኝነትና በትጋት" ይላል። ለሁሉም የሚጻፈው ይኸው ነው።

ጋራዥ ውስጥ ስሙ "ፈቀደ ያብርድ" ነበር። ሾፌር አውቶቡሱን ለመረከብ ሲቸኩል ፈቀደ ኮፈኑን ከፍቶ የግራ እጁን አንጓ ከራዲያተሩ አጠገብ ያደርጋል። ጣቱን አይደለም፤ አንጓውን። ጣት ብረትና ዘይት ሲነካ ውሎ ይደነዝዛል፣ አንጓ ግን አይሳሳትም ይላል። ሞቆ ካገኘው "ይብረድ" ብሎ ይሄዳል። ሾፌሩ ይለምናል፤ የስምሪት ኃላፊው ይጮኻል፤ ፌርማታ ላይ ሰው ተሰልፏል። ሞተሩ ይበርዳል።

"አንቺ ፀሐይ፣ ፈቀደ ካየሽ ጋራዥ ትገቢያለሽ!" ይሉ ነበር ሾፌሮቹ።

ምክንያት ነበረው። ሥራ በገባ በሁለተኛው ዓመት አለቃው የፈላ ራዲያተር ክዳን ሲከፍት አጠገቡ ቆሞ ነበር። የአለቃው ፊት ተላጠ። ፈቀደ ክንዱ ላይ እስከ ክርኑ የሚደርስ ጠባሳ ተረፈው። ከዚያ ወዲህ የሞቀ ሞተር አላመነም። ሌላም ልማድ ነበረው፤ ስለ ሞተር አይዋሽም። ሾፌር "ይደርሳል?" ብሎ ሲጠይቀው የማይደርስ ከሆነ "አይደርስም" ይላል።

ቤቱ ኮልፌ ቀራንዮ ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ሁለት መታጠፊያ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤት፣ ጓሮ አንዲት ሰርቪስ። ሚስቱ ሸዋገነት የዳንቴል እጅ አላት። ሰፈሩ ውስጥ ልጅ የሚድር ሁሉ ወደ እሷ ይልካል። በቤቷ ቴሌቪዥኑ፣ ቴፑ፣ የፍሪጁ አናት፣ የስልኩ ጠረጴዛ ሁሉም ልብስ አላቸው። "ዕቃ ራቁቱን እንግዳ አይቀበልም" ትላለች።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ኤልናታን። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባቱ ጋራዥ ይወስደው ነበር። ፈቀደ አውቶቡስ ሥር ሲገባ ልጁን ሾፌሩ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ሥራው ሲያልቅ ከሥር ወጥቶ ጣቱን አየር ላይ ያዞራል። አስነሳ ማለት ነው። ኤልናታን ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ ያስነሳል። በስምንት ዓመቱ ከስድስት የማያንሱ አውቶቡሶች አስነስቻለሁ እያለ ሰፈር ውስጥ ይፎክር ነበር። የሚያምነው አልነበረም።

አድጎ ጦር ኃይሎች አካባቢ ባለ ማተሚያ ቤት ዲዛይን ይሠራ ጀመር። ለሆዱ የሠራው እሱን ነው። ለራሱ የሚሠራው በኮምፒውተር የሚንቀሳቀስ ሥዕል ነበር። ጓደኛው ያደሳ እዚያው ጦር ኃይሎች ኮምፒውተር ይጠግናል። ከተጣሉና ከተሰበሩ ማሽኖች አንድ ዴስክቶፕ ገጣጥመው ሰርቪሷ ውስጥ አኖሩት። ኤልናታን ከሥራ ሲመለስ እዚያ ይገባል። በሩን ሲከፍቱበት ከውስጥ የሚወጣው ሙቀት ዳቦ ቤት ያስታውሳል።

ሃያ አራት ዓመቱን በያዘ በሐምሌ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ጉበት ነው ተባለ። ብዙ ዓመት ውስጥ ውስጡን ሲሄድ የቆየ፣ የታወቀው ሲያልቅ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሐኪሙ ፈቀደን ለብቻው ጠራውና "ሳምንታት" አለው። ወራት አላለም። ፈቀደ ቤቱ ሄዶ ለሸዋገነት "ዕረፍት ያስፈልገዋል ተባለ" አላት። ስለ ሞተር አይዋሽም ነበር። ስለ ልጁ ግን ይህን ተናገረ፤ ደጋግሞ ሲናገረው ራሱም አመነው።

ኤልናታን ሐኪሙን ራሱ ጠይቆ ነበር። ለማንም አልነገረም።

በዚያ ሳምንት ማሽኑ ከሰርቪስ ወደ ሳሎን ተዛወረ። ቀን ላይ የሰርቪሷ ቆርቆሮ ያግላል፤ ሳሎኑ ኮርኒስ አለው፣ ይሻላል። ያደሳ ተሸክሞ አመጣው፤ ኤልናታን ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ መራ። ከዚያ አባቱን ጠራው።

"ፋዘር፣ ና ላስተምርህ። ሆስፒታል ስገባ አንተ ነህ የምትጠብቀው።"

"ምን ይጠበቃል?"

"ሙቀት።"

ፈቀደ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤልናታን የዘጠና ሰከንድ ፊልም ሠርቶ ጨርሷል። ማሽኑ ግን ፊልሙን ሥዕል በሥዕል ሥሎ ማውጣት አለበት። ለአንድ ሰከንድ ሃያ አራት ሥዕል፤ ለዘጠና ሰከንድ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ። አንዱን ሥዕል ፍሬም ይሉታል። አንድ ፍሬም አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ያውም ማሽኑ ሌሊትና ቀን ሳያርፍ ሲሮጥ። እስካሁን የወጣው ስድስት መቶ ሊሞላ ነው።

"ፋብሪካው ይህን ፕሮሰሰር በሠላሳ አራት ሂድ ብሎታል" አለ ኤልናታን፣ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ቁጥር እያሳየ። "እኔ በአርባ አምስት አስኬደዋለሁ። ኦቨርክሎክ ነው የሚባለው።"

"ፋብሪካው ያላለውን?"

"የእናንተ ሾፌሮች የፍጥነት መገደቢያውን ይፈቱት አልነበር እንዴ?"

"ይፈቱታል። እኔ መልሼ አስራለሁ።"

ኤልናታን ሳቀ። ሲስቅ ሆዱን በሁለት እጁ ያዘ።

"ራዲያተሩስ የታል?" አለ ፈቀደ።

"ጋሼ፣ ኮምፒውተር ራዲያተር የለውም" አለ ያደሳ።

ፈቀደ ጎኑ በተከፈተው ሳጥን ውስጥ በጣቱ አመለከተ። ፕሮሰሰሩ ላይ ጥርስ ጥርስ ያለው ትልቅ የአሉሚኒየም ብረት ተቀምጧል። ፊቱ ላይ ቬንቲላተር ታስሮበታል። "ይሄ ምንድነው ታዲያ?"

ያደሳ ትንሽ አሰበ። "እሱማ… ራዲያተር ነው።"

"በመሃላቸው ያለው ነጭ ቅባትስ?"

"ሙቀቱን ከታች ወደ ብረቱ ያሳልፋል።"

"ገባኝ። ከፊት ይስባል፣ በአናቱ ይተፋል።"

"ኤልኑ፣ አባትህ ሱቄን ሊወስዱብኝ ነው" አለ ያደሳ።

ኤልናታን መመሪያውን ደብተር ላይ ጻፈለት። ከሰማንያ አምስት እስከ ሰማንያ ሰባት ዲግሪ ደህና ነው። ዘጠና ከደረሰ ደውል። መቶ ላይ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል፤ አይቃጠልም። ከጠፋ አስነሳው፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ከታች በሌላ ቀለም የፍጥነቱን ቁጥር የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚቀየር ጽፎ አሰመረበት፤ አባቱ ግን በዋዛ እንዲነካው አልነበረም። ያደሳ ሱቁ ቢዘጋ፣ እኔም ባልኖር ብሎ ነው።

"ይህ ሁሉ ለዘጠና ሰከንድ?" አለ ፈቀደ።

"አንድ ጊዜ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆም ማየት ነው የምፈልገው። ከዚያ የፈለገው ይሁን።"

"ምን አለበት ፊልሙ ውስጥ?"

"ሲያልቅ ታየዋለህ።"

ኅዳር 3 ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኤልናታን ዘነበወርቅ ያለው ሆስፒታል ገባ። በዚያች ሰዓት ስክሪኑ ስድስት መቶ ይል ነበር።

ሥራውን ተከፋፈሉ። ሸዋገነት ሌሊት ልጇ ዘንድ ታድራለች። ጠዋት ፈቀደ አጥሚት ይዞ ይተካታል፤ እሷ ቤት ሄዳ ልብስ ታጥባለች፣ ጎኗን ታሳርፋለች። ስድስት ሰዓት ላይ ትመለሳለች፤ እሱ ወደ ቤት፣ ወደ ማሽኑ። ሚኒባስ ውስጥ የሚተላለፉበት ቀን ይበዛ ነበር።

ፈቀደ አዲሱን ሥራውን በአሮጌው መንገድ ያዘው። ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ ያያል፤ አያምነውም። የግራ አንጓውን ከሳጥኑ አናት በላይ፣ ትኩሱ አየር በሚወጣበት ያደርጋል። ከዚያ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ሰማንያ አምስት። ሰማንያ ስድስት። ሰማንያ አምስት። በዚያ ሰሞን መብራት አልጠፋም፤ ለኮልፌ ይህ ራሱ ዜና ነው። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኤልናታን ይደውላል።

"ስንት ነው ፋዘር?"

"ሰማንያ ስድስት።"

"አንጓህ ምን አለ?"

"አንጓዬማ አውርዱኝ እያለ ነው።"

"ንገረው፣ ጡረታ ወጥቷል።"

ሁለት ቀን እንዲህ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ፈቀደ ከሆስፒታል ሲመለስ ስድስት ሰዓት ነበር። ሸዋገነት ወጥታለች። ቤቱ ተጠርጓል፣ ብርጭቆ ታጥቦ ተደፍቷል። ቬንቲላተሩ አይሰማም። ስክሪኑ ጥቁር ነው።

አስነሳው። የወጣው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ቢሆንም ቁጥሩን አነበበ፤ መቶ። ማሽኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሳይሞላ ራሱን አጥፍቷል። የመጨረሻው ፍሬም ስምንት መቶ ዘጠና ሁለት ነበር።

ያደሳ ጋ ደወለ።

"ጋሼ፣ መስኮት ተዘግቶ ነበር?"

"ክፍት ነው።"

"የአየር ማስገቢያው ላይ የተደገፈ ነገር አለ? ካርቶን፣ መጽሐፍ?"

ፈቀደ ተንበርክኮ ዙሪያውን አየ። በሥራው ዘመን እንደሚያደርገው በእጁም ዳሰሰ። "ምንም የለም።"

"ቬንቲላተሩ ይዞራል?"

"ይዞራል።"

"ማታ መጥቼ አየዋለሁ። እስከዚያ በዚያው ይሂድ።"

ፈቀደ ስልኩን ዘግቶ ደብተሩን ገለጠ። የፍጥነቱን ቁጥር መቀየሪያ፣ በሌላ ቀለም። መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ ተከተለ። አርባ አምስቱን አወረደ። ፋብሪካው ካለው ሠላሳ አራት ላይ አላቆመም፤ ለጥንቃቄ ሠላሳ ላይ አደረገው። ማሽኑ ካቆመበት ቀጠለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ስልሳ አንድ ነበር። አንጓው ትኩሱን አየር ለመፈለግ ዝቅ ማለት ነበረበት።

ማታ ያደሳ መጥቶ ሳጥኑን ፈታ። ብረቱን አንስቶ አሮጌውን ቅባት ጠረገ፣ አዲስ ቀባ፣ መልሶ አሰረ።

"ንጹሕ ነው። ምንም አላገኘሁም" አለ። "አንድ ቀን የሆነ ነገር ነው ጋሼ። ሁለት ወር በአርባ አምስት ሄዷል እኮ። ልመልሰው?"

"አንድ ቀን የሆነ ነገርም ምክንያት አለው። ምክንያቱን ሳላገኝ አላስወጣም። ይብረድ።"

ያደሳ ከዚያ በላይ አልተከራከረም። የሽማግሌ ቤት ነው፤ ልጁም ታሟል።

ኤልናታን በዚያ ቀን የደወለው ያደሳ ከመምጣቱ በፊት፣ በሰዓቱ ነበር።

"ስንት ነው ፋዘር?"

"ስልሳ አንድ።"

"በአርባ አምስት ስልሳ አንድ አይሆንም።"

"ቀንሼዋለሁ።"

"ስንት ላይ?"

"ሠላሳ።"

"ኧረ ፋዘር!"

"ጠዋት መቶ ደርሶ ጠፋ። ጠፍቶ ነው ያገኘሁት።"

"ይጥፋ። ታስነሳዋለህ፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ጽፌልህ የለ?"

"ቢቃጠልስ?"

"ይቃጠላ!"

ከጀርባ አንዲት ነርስ ቀስ በል ስትለው ተሰማ። ኤልናታን ትንፋሹን ሰብስቦ ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠለ።

"በአርባ አምስት አንዱ ፍሬም አሥር ደቂቃ ነው። በሠላሳ አሥራ አምስት ይሆናል። አስበው። ጊዜ…"

አልጨረሰውም።

"ስትመጣ አንተው ታስተካክለዋለህ" አለ ፈቀደ። "የሚያሳድድህ የለም። ማሽኑ ደህና ሆኖ ይጠብቅህ።"

ኤልናታን መልስ ነበረው። ነገር ግን አባቱን ለማሳመን "ወደ ቤት አልመለስም" ማለት ያስፈልገዋል። እናቱ እግሩ ሥር ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች።

"እሺ ፋዘር" አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙቀቱን ጠይቆ አያውቅም። የሚጠይቀው "ስንት ደረሰ?" ብቻ ነበር። ፈቀደ እውነተኛውን ቁጥር ይነግረዋል። ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አራት። አንድ ሺህ ሰማንያ። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰባ ስድስት። በየቀኑ ዘጠና ስድስት ይጨምራል። ልጁ ቁጥሩን ይሰማል። ያሰላል። ከዚያ "ጥሩ" ይላል።

ፈቀደ ቤት ሲሆን ፍሬሞቹን አንድ በአንድ ያያቸው ጀመር። ዝናብ ነው። ጦር ኃይሎች አደባባይ ነው፤ ሱቆቹን ለይቷቸዋል። ቀይና ቢጫ ቀለም የተቀባ አሮጌ አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ተበላሽቶ ቆሟል። ሰዎች ጃንጥላ ይዘው ይጠብቃሉ። ከአውቶቡሱ ሥር ሁለት እግር ወጥቶ ይታያል። በአንድ ሺህ አራት መቶኛው ፍሬም አካባቢ እግሮቹ ቀረቡ። የግራው ጫማ ተረከዝ በሽቦ ተሰፍቷል።

ፈቀደ ያን ጫማ ያውቀዋል። ጋራዥ ውስጥ በሽቦ የሰፋው ራሱ ነው፤ ኤልናታን ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር።

በማግሥቱ ሆስፒታል ሲሄድ "እስካሁን የወጣውን በስልክ ላሳይህ?" አለው።

"ግማሽ አላይም" አለ ኤልናታን። "ካለቀ በኋላ።"

ሆዱ ተነፍቷል፣ ክንዱ ቀጥኗል። መናገር ያደክመው ጀምሯል። አንዳንድ ጊዜ ቀኑ ይጠፋበታል።

ኅዳር 14 ቀን ጠዋት ፈቀደ ሲገባ ኤልናታን ዓይኑን ገልጦ ነበር፤ የሚያየው ግን ሌላ ቦታ ይመስላል።

"ፋዘር።"

"አቤት።"

"አውቶቡሱ ተነሳ?"

ፈቀደ ስለ የትኛው አውቶቡስ እንደሆነ ገባው። ያየው የመጨረሻ ፍሬም ላይ እግሮቹ ገና ከሥር አልወጡም። ተነሳ ማለት ይችል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የሾፌር ጥያቄ የመለሰ አፍ ነው።

"ገና ነው" አለ። "አልተነሳም።"

ኤልናታን ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ለሰው የሚገባ አልነበረም።

ኅዳር 15 ቀን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሞተ። እናቱ አጠገቡ ነበረች። ፈቀደ መንገድ ላይ ነበር፤ አጥሚቱን ይዞ።

አስከሬኑ ከመምጣቱ በፊት ሳሎኑ ለሰው ይለቀቅ ተባለ። ፈቀደ ማሽኑን ራሱ አጠፋው። ስክሪኑ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ ይል ነበር።

ድንኳን ተተከለ። ቀብሩ ተፈጸመ። የእድሩ ሰው ገባ፣ ወጣ። ያደሳ ድንኳኑ ደጃፍ ወንበር ሲያመላልስ ዋለ፤ ማንም ሥራ ስጠኝ አላለውም፣ ማንም ተው አላለውም። የጋራዥ ሰዎችም መጡ። ከድሮዎቹ ሾፌሮች አንዱ ፈቀደን ትከሻውን ይዞ ብዙ ቆየ። ያብርድ ብሎ የሚጠራው እሱ ነበር። በዚያን ዕለት በስሙ ጠራው።

በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 18፣ ለሣልስት ሰው ከመምጣቱ በፊት ሸዋገነት ቁም ሣጥኑን ከፍታ አንድ ነጭ ዳንቴል አወጣች። ትልቅ ነው፤ ጠርዙ የወይን ዘለላ ተሠርቶበታል። አቧራ እንዳያሳልፍ ውስጡን በወፍራም ሳቲን ገብራዋለች። ወደ ማሽኑ ሄዳ ከአናቱ ጀምራ ዘረጋችው። እስከ ወገቡ ወረደ። ከፊት ያለው አየር መሳቢያ ተሸፈነ፣ ከላይ ያለው ማስወጫም።

ፈቀደ ሶፋው ላይ ሆኖ ያያል።

"ልክክ አለ" አለች ጠርዙን እያስተካከለች። ድምፅዋ ከማልቀስ ብዛት ጎርናና ሆኗል። "ለእሱ የተሠራ ነው የሚመስለው። ባለፈው ጊዜ የእድራችን ከበደችም እንዲህ ብላኛለች።"

"መቼ ባለፈው?"

"እሱ በገባ በሦስተኛው ቀን ነዋ። ከበደችና የእድሩ ሴቶች ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ። አንተ እሱ ዘንድ ነበርክ። የልጄ ዕቃ ራቁቱን ተቀምጦ ምን ይባላል ብዬ አለበስኩት። ሲሄዱ አጥፌ መለስኩት፤ ለእንግዳ ነው እንጂ ለዘወትር አይሆንም ብዬ።"

"ስንት ሰዓት ላይ?"

"ምን?"

"ሴቶቹ የመጡት።"

"ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። ምነው?"

የፈቀደ ልብ ወደ ቁጥር ሄደ፤ ሌላ የሚሄድበት አልነበረውም። ስምንት መቶ ዘጠና ሁለት። የቀረው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት። በአርባ አምስት፣ በቀን መቶ አርባ አራት። ስምንት ቀን ከአሥራ ዘጠኝ ሰዓት። ኅዳር 14 ጠዋት ያልቅ ነበር። አውቶቡሱ ተነሳ ብሎ የጠየቀው ኅዳር 14 ጠዋት ነው።

ምክንያቱን አገኘው። ማሽኑ ጤነኛ ነበር። አርባ አምስቱም ልክ ነበር።

ሸዋገነት ዘወር ብላ አየችው። "አስከፋሁህ እንዴ? የሱን ነገር ነካሁ?"

ፊቷን አየ። በሦስት ቀን አሥር ዓመት የጨመረ ፊት ነው። ጨርቁን በጥንቃቄ ይዛለች፣ እንደ ሕፃን ልብስ።

"የለም" አለ። "ልሠራበት ስለሆነ ነው። ለጊዜው ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጊው።"

አንስታ ቴሌቪዥኑ ላይ አደረገችው።

ፈቀደ ማሽኑን አስነሳ። መነጽሩን አድርጎ ደብተሩን ከፈተ። ሠላሳውን ወደ አርባ አምስት መለሰ። ሰዓቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ አንጓውን አናቱ ላይ ያዘ። ሰባ ሁለት። ሰባ ዘጠኝ። ሰማንያ ሦስት። ሰማንያ ስድስት። እዚያው ቆመ። ሰዎች ገቡ፣ ነፍስ ይማር አሉ፣ ተቀመጡ። እሱም ተነሥቶ ተቀበላቸው፣ ሸኛቸው፣ ተመልሶ አየ። ሰማንያ ስድስት። በማግሥቱም ሰማንያ ስድስት። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን በያዘችበት ሰዓት፣ ሰማንያ ሰባት። ዘጠና አልደረሰም። አልጠፋም። ሾፌር እንደሚለው፣ መንገድ ለመደ።

ኅዳር 20 ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስልሳኛው ፍሬም ወጣ። ሦስት መቶ ሠላሳ ፍሬም በሁለት ቀን ከሰባት ሰዓት። ያደሳ ከሱቁ መጥቶ ፍሬሞቹን አያያዛቸውና አጫወተላቸው። ሦስቱም ቆመው አዩ።

ዝናብ ነው። አውቶቡሱ ቆሟል። እግሮቹ ይታያሉ፣ ጫማው ይታያል። ሰውየው ከሥር ይወጣል። ፊቱ ላይ ዘይት አለ። ቀና ብሎ ወደ ሾፌሩ ወንበር ያያል። ማን እንደተቀመጠ አይታይም፤ መስኮቱን ዝናብ ሸፍኖታል። ሰውየው ጣቱን አየር ላይ ያዞራል። የአውቶቡሱ መብራት ይበራል። ጃንጥላዎቹ ይታጠፋሉ፣ ሰው መሳፈር ይጀምራል። ያበቃል።

"ጋሼ፣ ይሄ እርስዎ ነዎት" አለ ያደሳ።

ያደሳ ፊቱን በክንዱ ጠርጎ ወደ ደጅ ወጣ።

ሸዋገነት እስክትረጋጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ስክሪኑን እያየች ጠየቀች።

"አሥር ቀን ሙሉ እምቢ ብሎህ የለም እንዴ? አሁን እንዴት እንዲህ ፈጠነ?"

"ብርዱ ነው" አለ ፈቀደ። "ኅዳር ሲገፋ ብርዱ ይበረታል። ማሽን ብርድ ይወዳል። ያኔ ሞቃት ነበር።"

"ትንሽ ቀደም ብሎ በበረደ" አለች።

"አዎ።"

ተነሥታ ነጩን ዳንቴል ከቴሌቪዥኑ ላይ አነሳች። "አሁን ሥራው አልቋል አይደል? ላልብሰው?"

ፈቀደ ማሽኑን አጠፋው። ቬንቲላተሩ ጥቂት ዞሮ ቆመ። የግራ አንጓውን አናቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። አየሩ ገና ትኩስ ነበር።

"ቆይ" አላት። "መጀመሪያ ይብረድ።"